ከሰዓት በኋላ የተሸጠባት አገር

ፀሐይ ከከተማዪቱ በስተጀርባ ካለው ተራራ ወርዳ የመስኮቱ መስታወት ከቀይ ወደ አመድማ ሲለወጥ፣ ዶክተር አንዳርጌ ውብዬ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ መብራትም ሳያበራ፣ በአንድ ነገር ሲብሰለሰል ቆየ። ባለቤቱ ወይዘሮ ብርቄ «ራት ቀርቧል» ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችው፤ ሁለት ጊዜም «መጣሁ» አለና አልመጣም። ሰው ሲርበው እህል ይበላል፣ ሲጨንቀው ግን ራሱን ይበላል፤ እሷም ይህን ልማዱን ስለምታውቅ ምግቡን ከድና ተወችው።

ያስጨነቀው የነገው ስብሰባ ነበር። በዚያች አገር የሐኪሞች ኅብረት የሚባል ማኅበር አለ፤ ማኅበሩም ከየሐኪሙ ደመወዝ እየቆረጠ የሚያጠራቅመው የምርጫ ድጋፍ ፈንድ አለው። ምርጫ በደረሰ ቁጥር ሰባት ሐኪሞች ያሉበት ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ከየወረዳው ዕጩዎች መካከል ለእንደራሴነት ይበቃል ያለውን ይመርጥና መኪናውን፣ ነዳጁን፣ የሬዲዮ ሰዓቱን፣ ፖስተሩን ይችልለታል። «ይበቃል» መባሉ እንኳ ለአፍ ያህል ነው። ኮሚቴው ዕጩ የሚመረምርበት ልማድ ከሐኪም በቀር ለማንም ፍጡር አይመጣለትም። ሐኪሞች ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው ስለ በሽተኞቻቸው እንደሚመክሩ፣ እዚያም ዕጩው እንደ በሽተኛ ይቀርባል፤ ዕድሜው፣ ትውልዱ፣ ምን እንደሚያመው፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይነበባል። በመጨረሻም ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ልሳነወርቅ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ይድናል ወይስ አይድንም?» ይላሉ። ይድናል ማለት ያሸንፋል ማለት ነው። የማያሸንፈው «አይድንም» ይባልና ነገሩ ይዘጋል፤ በማይድን ሰው ላይ መድኃኒት አይባክንምና። እግዜር ያሳያችሁ፤ ድጋፍ የማያስፈልገው ድጋፍ ያገኛል፣ የሚያስፈልገው ይባረራል፤ ይህም ጥበብ ተብሎ ስንት ምርጫ ሙሉ ሲሠራበት ኖረ።

«ይድናል» የተባለው ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ «የከሰዓቱ ነገርስ?» ይባላል። በመንግሥት ሆስፒታል ያሉ ነባር ሐኪሞች ደመወዛቸው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚታሰብ ቢሆንም፣ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ጋውናቸውን አውልቀው ወደየግል ክሊኒካቸው ይበተናሉ፤ ሆስፒታሉም ከምሳ በኋላ ለተለማማጆችና ለእግዜር ይተዋል። ይህን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ወደ ምክር ቤቱ ከቀረበ ወዲህ፣ ፈንዱ ስለ ክትባትም፣ ስለ ወላድም፣ ስለ መድኃኒት እጥረትም ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ዕጩው ቆሞ «ከሰዓቱ የእናንተ ነው» ካለ የቀረው ሁሉ ይታለፍለታል፤ ሌባም ቢሆን፣ ደንቆሮም ቢሆን።

በዚያ ሳምንት የቀረቡት የወንዝ ማዶ ወረዳ ሁለት ዕጩዎች ነበሩ። አንደኛው በወንበሩ ላይ ብዙ ዘመን የከረሙት አቶ ገሠሠው ናቸው። እሳቸው ጥያቄው ሳያልቅ «ኧረ ከሰዓቱ የእናንተ ነው፤ ጠዋቱንም ከፈለጋችሁ እንነጋገራለን» ብለው ኮሚቴውን አሣቁት። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ዘመናይ ይርዳው የተባሉ የቀድሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። እሳቸው ሲጠየቁ ግን፣ «ባለቤቴ የሞተው በሆስፒታላችሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አንጀቱ ታጥፎ ነበር። ስፔሻሊስቱ ነገ ጠዋት ይመጣል አሉን። ከሰዓቱ የማን እንደሆነ የምትጠይቁት እኔን ነው?» አሉ። ፕሮፌሰር ልሳነወርቅም ጥቂት አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት። ለመሆኑ በወረዳዎ የማሸነፍ ዕድልዎን እንዴት ያዩታል?» ሲሉ ጠየቁ።

ድምፅ ሲሰጥ የወይዘሮዋ ነገር ሦስቱን ነክቷቸው ኖሮ ኮሚቴው ሦስት ለሦስት ተከፈለ። ሰባተኛው አንዳርጌ ነበር፤ «እስከ ነገ አስብበት» ተባለ። በምክር ቤቱ የሁለቱ ወገን ድምፅ ተቀራርቦ ስለነበር፣ የወንዝ ማዶ ወንበር ወደ ሄደበት ሕጉም ይሄዳል። ወይዘሮ ዘመናይ በዚያ ሰፊ ወረዳ መኪና የላቸውም፤ ፈንዱ ቢቆምላቸው ይደርሳሉ፣ ባይቆምላቸው አይደርሱም። እውነቱ ከማን ጋር እንደሆነ አንዳርጌ አልጠፋውም። ግን እሱም ከአደባባዩ ማዶ ክሊኒክ አለው፤ የልጆቹ ትምህርት፣ የጀመረው ቤት፣ የመኪናው ጎማ ሳይቀር የሚወጣው ከዚያችው ከሰዓት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነበትና፣ «ለመሆኑ ሴትዮዋ ሊያሸንፉ ይችላሉ?» እያለ ራሱን ሲያታልል፣ እንቅልፍ ሳያስፈቅደው ከነወንበሩ ወሰደው።

እንቅልፉም ወደ ራእይ ተለወጠ። ዛፍ በሌለበት፣ ነፋስም በማይነፍስበት፣ አፈሩ በብዙ እግር ተረግጦ እንደ አውድማ በጠነከረ ሰፊ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ራሱን አገኘ። በፊቱም አንዲት ሴት ቆማለች፤ ራሷ ከደመናው ሥር ይደርሳል፣ ቀሚሷም ወደ ኋላ ተንዘርፍፎ ሜዳውን አቋርጦ፣ ኮረብታውን ተሻግሮ፣ ጫፉ ከዓይን ይሰወራል። ቁመቷ እንዲህ የሚያስፈራ ቢሆንም ፊቷ ግን ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች እናት ፊት ነበር።

«አንቺ ማን ነሽ?» አላት።

«ወረፋ ነው ስሜ። በዚህ አገር እኔን የማያውቅ የለም። አንተ ብቻ አታውቀኝም፤ ቆመህብኝ አታውቅምና።»

«እኔ ዶክተር አንዳርጌ ውብዬ...»

«ማን እንደሆንክ አልጠየቅሁህም» አለችው። «ተከተለኝ።»

ከተመረቀ ጀምሮ ማንም እንዲህ አናግሮት አያውቅምና ተቀየመ፤ ቢቀየምም ተከተላት።

ከሜዳው ማዶ ግንቡ ነጭ፣ ጣሪያው ቀይ፣ መስኮቱ ስፍር ቁጥር የሌለው ታላቅ ሆስፒታል ቆሞ ነበር። በደጁም ሕዝብ ፈስሷል፤ በቃሬዛ የመጣ፣ በሰው ጀርባ የታዘለ፣ ሆዱን ይዞ የሚንከባለል፣ ደም የሚፈስሳት ነፍሰ ጡር፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሕፃን ያቀፈች እናት። በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ የፕሮፌሰር ካባ ደርቧል፤ የመጣውንም ሁሉ «ትድናለህ ወይስ አትድንም?» እያለ ይጠይቃል። በወባ የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ «እኔ ምን አውቄ» ሲል ወደ ጎን ተገፈተረ። ነፍሰ ጡሯ አፏን ከመክፈቷ በፊት «ያንቺ ተስፋ ጠባብ ነው» ተባለችና ከግንቡ ሥር ተደገፈች። ከዚያ ጉንጩ የሚያብረቀርቅ አንድ ጎልማሳ እያፏጨ መጥቶ «እኔን ምንም አላመመኝም» ቢል፣ ዘበኛው ካባውን ሰብስቦ፣ አጎንብሶ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት። አንዳርጌ በተከፈተው በር አሻግሮ ሲያይ አልጋው ሁሉ በጤነኛ ተሞልቷል፤ ደረታቸው የሰፋ፣ ክንዳቸው የደነደነ ሰዎች በንጹሕ አንሶላ ላይ ተጋድመው፣ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው፣ ካርታ ይጫወታሉ።

አንዳርጌ ደሙ ፈላ። ሕዝቡን እየጣሰ ዘበኛው ፊት ደረሰና፣ «ምን የሚሉት እብደት ነው ይሄ? መጀመሪያ የሚገባው የባሰበት ነው። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል» አለው።

«በማይድን ሰው ላይ መድኃኒት አይባክንም» አለ ዘበኛው ረጋ ብሎ። «ደንብ ነው።»

«የማን ደንብ?»

ዘበኛው በትሕትና እጅ ነሣው። «የእርስዎና የጓደኞችዎ ነው ጌታዬ። እኛ ያደረግነው ከስብሰባ ክፍላችሁ አውጥተን በር ላይ ማቆም ብቻ ነው።»

አንዳርጌ ወደ ወረፋ ዞረ። «ያ እኮ ለዕጩ ነው፤ ለበሽተኛ ብለን አላወጣነውም» አላት።

«ዕጩውን እንዲህ አድርጋችሁ ከመረጣችሁት፣ እሱ ነገ ሕግ ሲያወጣ በሽተኛውን በምን ዓይን እንዲያየው ጠበቅህ? ምንጩን ያደፈረሰ ሰው ታች ያለው ጥሩ ውኃ ይጠጣል ብሎ ሲያስብ አይገርምም?»

ይህን ስትናገር ከሆስፒታሉ ጣሪያ ደወል ተደወለ፤ ስድስት ሰዓት ሆኗል። በሮቹ ሁሉ ተከፍተው ነጭ ጋውን የለበሱ ሐኪሞች እንደ ጎርፍ ወጡ፤ ጋውናቸውን ባሉበት እየጣሉ፣ ከግንቡ ሥር የወደቀውን ሰው እየተራመዱ፣ ወደየመኪናቸው ተጣደፉ። የመጨረሻው መኪና ከደጁ እንደወጣ፣ አናት ላይ የነበረችው ፀሐይ እንደ ተነቀለ አምፖል ድርግም ብላ ጠፋች። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። በጨለማው ውስጥ ሰዎች እንዳይጠፋፉ አንዱ የሌላውን ልብስ ጫፍ ይዞ ቆመ፤ ቅድም ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማ የነበረው ሕፃንም ድምፁ አልተሰማም፤ የእናቱ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«መሸ እንዴ? ገና ቀትር ነው» አለ አንዳርጌ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«በዚህ አገር ከስድስት ሰዓት በኋላ ሌሊት ነው። ከሰዓት በኋላ የሚባል የለንም።»

«የት ሄደ?»

«ተሸጠ።»

«ማን ገዛው?»

«እሱንስ በዓይንህ እይ» ብላ በጨለማው እጁን ይዛ ወሰደችው።

እየዳበሱ ሄደው ሄደው፣ ከላዩ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት ረጅም ግንብ አጠገብ ደረሱ። ከግንቡ በላይ ወርቅማ ብርሃን ይፈስሳል። በውስጡ፣ ከአገሩ ሁሉ ተቆርሶ የተወሰደው ከሰዓት ታጥሮ ተቀምጧል፤ ያ ለስላሳ የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ፣ ያ ከግድግዳ ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ ሙቀት፣ ያ ሰው ሥራውን የሚጨርስበት የቀን እኩሌታ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ሐኪሞቹ በየክሊኒካቸው፣ በየራሳቸው ቁራጭ ፀሐይ ሥር ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ጠዋት ተኮሳትሮ እንዳልነበረ ሁሉ ፈገግታ በፈገግታ ሆኗል። ከመካከላቸው አንድ በር ላይ አንዳርጌ የገዛ ስሙን ተጽፎ አየ። ወንበሩም፣ ማዳመጫውም፣ የግድግዳው ሰዓትም የራሱ ነው። ከወንበሩ ፊት ለፊት አንድ ባላገር ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አኑሮ ተቀምጧል፤ አንዳርጌን ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር አልገባኝም» አለ ባላገሩ፤ በነገሩ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ለመረዳት ነው የሚጠይቀው። «ጠዋት እዚያ ማዶ ሆስፒታል ነገ ና አሉኝ። ከሰዓት እዚህ ስመጣ ዛሬውኑ አዩኝ። በሽታዬ ያው ነው፤ እርስዎም ያው ነዎት። መሐል ላይ የጎደለው የሸጥኩት በሬዬ ብቻ ነው።»

አንዳርጌ ፊቱ ጋለ። ወደ ወረፋ ዞሮ፣ «ደመወዜ አይበቃኝም። እኔም ልጆች አሉኝ» አለ።

«አይበቃህም» አለች ወረፋ። «ይህን ሐሰት ያለህ የለም። የሚያሳንስብህ ሌላ፣ የምታካክሰው ግን ከዚህ ሰውዬ በረት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ አይደለም ወይ? ለዚያች ለራስህ ችግር የሠራሃት ቀዳዳ ለአገር ሙሉ ጨለማ ሆናለች፤ ከዚያም ቀዳዳዋ እንዳትደፈን ብላችሁ ሕግ አውጪውን ገዛችሁት። አላመንከኝ እንደሆነ ና።»

ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ወሰደችው። አዳራሹ ባንዲራው፣ የአፈ ጉባኤው ከፍ ያለ መንበር፣ የግድግዳው ጌጥ ሁሉ እንደ ወጉ ነው፤ በእንደራሴዎቹ ወንበር ፋንታ ግን አልጋ ተደርድሯል። በየአልጋው ላይ አንድ አንድ እንደራሴ ከነክራቫቱ ተጋድሟል። ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቷል፣ ከመርፌው ቀጭን ቱቦ ይወጣል፣ ቱቦዎቹም ሁሉ ከጣሪያው ላይ ወደ ተሰቀለ አንድ ግዙፍ ጠርሙስ ይሄዳሉ። በጠርሙሱ ላይ የፈንዱ ማኅተም አለ። አንዳርጌ እስኪገርመው ድረስ፣ እርስ በርሳቸው ሲወዳደሩ የከረሙት ዕጩዎች ሳይቀሩ ከአንዱ ጠርሙስ በሁለት ቱቦ ይጠባሉ፤ ፈንዱ ማን እንደሚድን እርግጠኛ ካልሆነ ለሁለቱም ይሰካል። አቶ ገሠሠው በፊተኛው አልጋ ላይ ናቸው፤ እንደሳቸው ወዝ የጠገበ ፊት በአዳራሹ የለም። ከኋለኛው አልጋ አንድ ወጣት እንደራሴ ቀና ብሎ፣ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ስለ ከሰዓቱ...» ብሎ ሲጀምር፣ ከጎኑ የቆመ ጋውን የለበሰ ሰው ቱቦውን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘ። ወጣቱ ገረጣ፤ ራሱን ትራሱ ላይ መልሶ፣ «ስለ ከሰዓቱ የምለው የለኝም» አለ። ጣቶቹ ተፈቱለት።

አንዳርጌ ቀረብ ብሎ የዚያን ጋውን የለበሰ ሰው ፊት ለማየት ሞከረ። ሰውየውም ፊቱን ሲያዞር እሱ ራሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን እንደጮኸ፣ ማንን እንደገፋ፣ እንዴት ከአዳራሹ እንደወጣ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ያስታውሳል፤ ቱቦዎቹን ለመበጠስ ሲታገል ወረፋ ክንዱን ይዛ፣ «ቱቦ ቢበጠስ ነገ ሌላ ይሰካል። ከበጠስክ ወዲያ ምን እንደምታደርግ ካላየህ ቁጣህ ላንተው ነው የሚተርፈው» አለችው። እንደ ሕፃን እየጎተተችም አንድ ቀጭን ወንዝ አሻገረችው።

ከወንዙ ማዶ ቀን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋም አጥር የላትም፣ በቤቱም በሜዳውም በሆስፒታሉም ላይ እኩል ትወርዳለች። አንዳርጌ ወደ ወረፋ ቢመለከት ደነገጠ፤ ያቺ ራሷ ደመና ይነካ የነበረችው ሴት ከትከሻው በታች ሆናለች፣ ያ ኮረብታ ይሻገር የነበረ ቀሚሷም ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀርቷል።

«ምን ነካሽ?»

«እዚህ አጭር ነኝ» አለች ደስ ብሏት። «ሐኪሙ ከሰዓት ስላለ።»

ወደ ሆስፒታሉ ገቡ። የማዶውን ያህል ያማረ አይደለም፤ ግድግዳው ቀለም የሚፈልግ፣ ወለሉ የተሰነጠቀ ነው፤ ነገር ግን የየክፍሉ በር ክፍት ነው፣ በየበሩም ሐኪም አለ። በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ በተቀመጡ ሕመምተኞች መካከል አንድ ሱፍ የለበሰ ደልዳላ ሰው ተቀምጦ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«እሱ ምኑን ታሞ ነው?» አለ አንዳርጌ።

«አልታመመም። ዕጩ ነው። በዚህ አገር የሐኪሞችን ፈንድ ድጋፍ የፈለገ፣ አጃቢውን ደጅ ትቶ ከጠዋት እስከ ማታ ከሕመምተኛ ጋር ወንበር ላይ ይውላል። ከዚያ ኮሚቴው የሚጠይቀው እሱን ሳይሆን አብረውት የዋሉትን ነው።»

አንዲት ጠጉሯ የሸበተ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር መጥታ ከወንበሩ ፊት ቆመች። «ይህ ሰው ከእናንተ ጋር ውሏል። ምን አያችሁበት?» ብላ ጠየቀች።

«ስልኩን ሲነካካ ዋለ» አለች እጇ በፋሻ የታሰረ ሴት።

«እኔን ቦታህን ስጠኝ ብሎ በትሕትና ለመነኝ፤ ሰጠሁት። ከሰጠሁት ወዲህ ግን ዞር ብሎም አላየኝ» አለ አንድ ሽማግሌ፤ የተቀመጡት ሁሉ ሣቁ።

«እውነቱን መደበቅ ነውር ነው» አለች ሦስተኛዋ። «ያቺ ያስመለሳት ልጅ ውኃ ስትፈልግ ሮጦ ያመጣላት እሱ ነው። ቢሆንም ሐኪም የሚቆይበትን ሕግ ትደግፋለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የጠራው ሰው እንዳለ አስመስሎ ዞር አለብኝ።»

ሸበቶዋ ሐኪም አመሰገነቻቸውና ለዕጩው፣ «ስላመጣኸው ውኃ እግዜር ይስጥህ። ድጋፋችን ግን ላንተ አይሆንም» አለችው። ሰውየው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

አንዳርጌ ተገረመ። «ያሸንፋል እኮ ይሄ ሰውዬ፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ሲያሸንፍ ጠላት አይሆንባቸውም?»

«ያሸንፍ ይሆናል። ቢያሸንፍም እነሱ አልገዙትም። ያልገዙትን ሰው በአደባባይ ይገሥጹታል፤ የገዛ ሰው ግን የገዛውን ዕቃ ሲያሞግስ ነው ዕድሜው የሚያልቀው።»

«ሐኪሞቹስ ምን ይበላሉ?»

«ደመወዝ አነሰን ብለው እዚሁ ወንበር ፊት ቆመው ተናገሩ። የተቀመጠው ሰው ሰማቸው። ከሰዓት ሥራው ላይ በሚያየው ሐኪም ማን ይጨክናል? ከእነሱ ጋር ሆኖ መንግሥትን ወጥሮ ያዘላቸው።»

«እዚህ ሰው አይሞትም?»

«ይሞታል እንጂ። ሐኪም እጁን ይዞት ይሞታል። ነገ ጠዋትን እየጠበቀ ወንበር ላይ አይሞትም።»

ከዚያ ወረፋ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ቁመቷ የአንዲት ትንሽ አሮጊት ያህል ሆኖ ነበር። «ስማኝ» አለችው። «ሰው ሁሉ ዕድሜ ሲለምን እኔ ግን መሞቴን የምመኝ ሴት ነኝ። በየከሰዓቱ የምታሳድጉኝ እናንተ ናችሁ። ነገ የምትመርጠው ዕጩ አይምሰልህ፤ ቁመቴን ነው። ያየኸውን ተናገር፤ መጀመሪያም ለሚመለከተው ተናገር።»

አንዳርጌ ሲነቃ ጎሕ ቀዷል፤ አንገቱ ከወንበሩ ላይ ደርቋል፣ ቁጣው ግን ከእንቅልፉ አብሮት ወጥቷል። በፕሮፌሰሩ ተናደደ፣ ከአቶ ገሠሠው ጎን በቆሙት ባልደረቦቹ ተናደደ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን በዚያ ቱቦ ቆንጣጭ ተናደደ። ወይዘሮ ብርቄ ስትነሣ ሁሉንም ነገራት። እሷም ሳታቋርጥ ሰማችው።

«ይህን ለኮሚቴው ልትናገር ነው?»

«አዎ።»

«ይስቁብሃል።»

«ይሣቁ።»

«ከሣቁ በኋላ ግን ያንተስ ክሊኒክ ከሰዓት ይዘጋል ወይ ይሉሃል። ምን ትላለህ?»

አንዳርጌ ይህን ከሷ አልጠበቀም ነበር። ስልኩን አነሣና ወደ ክሊኒኩ ነርስ ደወለ። «ሲስተር ስንዱ፣ የዛሬ ከሰዓት ቀጠሮ ያላቸውን ሁሉ ወደ ሆስፒታሉ ላኪልኝ። እዚያ ነኝ።»

«እሺ ዶክተር። የነገዎቹንስ?»

«የነገዎቹንም።»

ስልኩን ሲዘጋ ብርቄ የጀመሩትን ቤት እያሰበች እንደሆነ ከፊቷ አነበበ። ቢሆንም እሷ ኮቱን አንሥታ ትከሻውን አራገፈችለትና፣ «በኪራይ ቤት ስለኖረ የሞተ ሰው የለም» አለችው።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዚያው በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። አንዳርጌ ደረጃው ሥር ሲደርስ ወደ ላይ አልወጣም፤ ወደ ሕመምተኞቹ ወንበር ሄዶ ቆመ። «ላይ ፎቅ ሐኪሞች ሆስፒታሉ ከሰዓት ሐኪም ይኑረው አይኑረው በሚለው ነገር እየመከሩ ነው። ማንን እንደሚደግፉም ዛሬ ይቆርጣሉ። እናንተን የጠየቃችሁ የለም። መውጣት የምትችሉ ከእኔ ጋር ኑ» አላቸው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ወረፋችን ያልፈናል» አለ አንዱ። አንዳርጌም፣ «አያልፋችሁም። ዛሬ ከሰዓት እዚሁ ነኝ፤ ሁላችሁንም ሳላይ አልወጣም» አለ። ግማሾቹ አላመኑትም፤ ባያምኑትም አይፈረድባቸውም። ጥቂቶች ግን ተነሡ፤ ከነሱም አንዲት እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ አሮጊት ነበሩ፤ ደረጃውን በአንዳርጌ ክንድ ተደግፈው ወጡ።

በሩ ሲከፈት ፕሮፌሰር ልሳነወርቅ ቀና አሉ። «ዶክተር አንዳርጌ፣ ይህ ዝግ ስብሰባ ነው።»

«ለእነሱ ዝግ ሊሆን አይገባም፤ የምንነጋገረው ስለእነሱ ከሰዓት ነው» አለ። «ድምፄ ለወይዘሮ ዘመናይ ነው። የኔም ክሊኒክ ከዛሬ ጀምሮ ከሰዓት ዝግ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ትናንት ማታ ሕልም አየሁ።»

አንዱ ባልደረባው ሣቀ። ፕሮፌሰሩ ግን አልሣቁም፤ ለታመመ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን ሴትዮዋ አያሸንፉም። አሠራራችንን ታውቃለህ፤ በማይድን ላይ መድኃኒት አናባክንም» አሉ።

አሮጊቷ ከበሩ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተው ነበር። «ጌታው፣ በማይድን ላይ ነው ያሉት?» አሉ። «እኛንም ታች የምትለዩን እንዲህ እያላችሁ ነው?»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ማጽዳት ጀመሩ። አንዳርጌ ወንበሩን ስቦ አሮጊቷን አስቀመጣቸውና፣ ራሱ ቆሞ፣ ያየውን ከመጀመሪያው ጀምሮ መናገር ጀመረ።